ቤት ለቤት የዞሩት እህቶቻችን

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጠራርገን ቆሻሻውን የምናቃጥለው፣ “ኅዳር ሲታጠን” የምንለው፣ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ከ9 እስከ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ሕዝቡ ወረርሽኙን “የኅዳር በሽታ” አለው። የከተማዋ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ በሽተኛውን ውሃ የሚያጠጣው፣ የሚያገላብጠው የቤት ሰውና ጎረቤት ነበር። የእነዚያን አስታማሚዎች ስም ጽፎ ያቆየልን ግን የለም።

ከ101 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ያን ጊዜ ግን ባዶ እጃችንን አልነበርንም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሠለጠኑ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ነበሩልን፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳትና ሳል ያለበትን ጠየቁ፤ እጅ መታጠብን አስተማሩ፤ ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ተከታተሉ። የሕፃናት ክትባቱና የነፍሰ ጡሮች ክትትልም የሚጠብቀው እነሱኑ ነበር። በኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ወደ ሕክምና ማዕከልነት በተለወጠው ሚሊኒየም አዳራሽ ደግሞ ነርሶችና ሐኪሞች፣ የጽዳት ሠራተኞችም ጭምር፣ ከታማሚው አጠገብ ዋሉ፤ አደሩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ጭምብልና ጓንት በዓለም ሁሉ በጠፋበት ጊዜ ነው። ልጆቻቸውን ሳያቅፉ የሰነበቱ እናቶች ነበሩ። “በሽታ ይዘው ይመጣሉ” ተብለው በር የተዘጋባቸውም ነበሩ። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነው፤ የሚገባቸውም ነበር።

እኛ የራስ አገዝ ማኅበር ሴቶች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር አለ፦ አስታማሚም አስታማሚ ያስፈልጋታል። ወረርሽኝ ሲመጣ ጭብጨባ ብቻ አይበቃም። ልጇን የሚይዝላት፣ ምሳዋን የሚያደርስላት፣ ሳሙና የሚገዛላት ጎረቤት ትፈልጋለች። ይህ ደግሞ በቁጠባችንና በጉልበታችን የምንችለው ነው። ደጋፊዎቻችንም ከጎናችን እንዲሆኑ የምንጠይቀው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ኅዳር 12 መንደራችንን ካጸዳን በኋላ፣ በቀበሌያችን ቤት ለቤት የዞሩትን እህቶች ስም በማኅበራችን መዝገብ እንጻፍ። የ1911ዎቹ ስም ጠፍቶብናል፤ የ2012ዎቹ ግን ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው።