ከክፍል የማይወጣው ሞገድ



እ.ኤ.አ. በ1897 በካልካታ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ የሬዲዮ መሣሪያቸውን በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለምሁራን አሳዩ። የሚያመነጩት ሞገድ ርዝመት እስከ 5 ሚሊሜትር ይወርድ ነበር፤ ይህም በዛሬው አነጋገር 60 ጊጋኸርዝ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ዘመኑ የሚሻው ባሕር አቋርጦ የሚሄድ መልእክት ነበር። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 አትላንቲክን የተሻገሩት በረጅም ሞገድ ነውና፣ አጭሩ ሞገድ ከዋናው የመገናኛ ጎዳና ለአሥርተ ዓመታት ገለል ብሎ ቆየ።

እኔም በመምህርነቴ መጀመሪያ ይህን ሞገድ «ከክፍል የማይወጣ» እያልሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈው ነበር። እርግጥ ነው፣ የኮንክሪት ግድግዳ ያስቀረዋል፤ በመካከል የሚያልፍ ሰው እንኳ ያዳክመዋል። ጌይናቸው እኩል በሆኑ አንቴናዎች፣ በእኩል ርቀት የሚደርሰው ኃይልም በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሚደርሰው 625 ጊዜ ያነሰ ነው።

ስሕተቴ እንከኑን ማየቴ ሳይሆን፣ በዚያው እንከን ውስጥ ያለውን ጸጋ አለማየቴ ነበር። ግድግዳ ስለሚያስቀረው፣ አጎራባች ክፍሎች በአንድ ድግግሞሽ ሳይረባበሹ ይሠራሉ። ኦክስጅን በኪሎሜትር 15 ዴሲቤል ገደማ ቢውጠውም፣ በ10 ሜትር ክፍል ውስጥ ይህ ከቁጥር አይገባም። ሞገዱ አጭር በመሆኑ በጠባብ ቦታ ብዙ አንቴናዎች ተደርድረው ጨረሩን ወደ ተቀባዩ ያነጣጥራሉ፤ ሰው ቢጋርደው ከግድግዳ በሚንጸባረቀው መንገድ ይመሩታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው 802.11ኤዲ የተባለው ደረጃ በዚሁ በ60 ጊጋኸርዝ በሰከንድ እስከ 7 ጊጋቢት ገደማ ለማስተላለፍ አስቻለ።

ውድ ተማሪዎች፤ መምህራችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈውን ደግማችሁ መርምሩ።