ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤና ከዚያ ስለ ወጡ ደቀ መዛሙርት

አንድ መምህር ወደማያውቀው አገር ሄዶ ወጣቶችን ሰብስቦ ሊያስተምር ሲነሣ፥ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ምንድር ነው? አንዱ ስለ ቤት ያስባል፤ ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ያስባል፤ ሦስተኛውም በአገሩ ገዥ ዘንድ ሞገስን ስለ ማግኘት ያስባል። ሦስቱም የሚያስፈልጉ ነገሮች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ሥራውን የሚያጸናውና ከመምህሩ ሞት በኋላ የሚያኖረው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ከሩቅ አገር ምሳሌ ሳይፈልግ የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ቢመረምር ብዙ ይጠቀማል።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ውኃው ጥልቅ ነው፤ ከበላዩም የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከዳሩ ምድር ጋር ተያይዟል። በዚያው በአምባሰል ግሸን ደብረ ከርቤ አለች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የእነዚህን የሁለቱን ስፍራዎች ልዩነት ልብ በል። በግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆች በዘበኛ እየተጠበቁ፥ መንግሥት እንዳይሹ ከሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። በሐይቁ ደሴት ላይ ግን የድኻውም የባለጸጋውም ልጅ በፈቃዱ እየገባ ይማር፥ ተምሮም ይወጣ ነበር። አንደኛው ስፍራ ሰውን ይዞ የሚያስቀር ነበረ፤ ሁለተኛው ሰውን አዘጋጅቶ የሚልክ ነበረ።

በሐይቅ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ዘመን በፊት እንደ ተሠራ ትውፊት ይናገራል። ስፍራው ግን የትምህርት ቦታ ሆኖ ስሙ የገነነው በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከመጡ በኋላ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ አገር እንግዳ ነበሩ። ምንኵስናን የተማሩት በትግራይ በደብረ ዳሞ፥ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ነው። ወደ ሐይቅ የገቡት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፥ ይኸውም ከ40 ዓመት በላይ፥ ያንኑ ስፍራ አልለቀቁም። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ መምህሩ ተቀመጠ። ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ ሰው ሰባኪ ሊባል ይችላል፤ ጉባኤ ግን ሊተክል አይችልም። ጉባኤ የሚተከለው ተማሪው በጠፋበት ቀን የሚጠይቀው፥ በተመለሰም ቀን በዚያው ስፍራ የሚያገኘው መምህር ሲኖር ነው።

ሁለተኛው ነገር መጽሐፍ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳማቸው ያሠሩት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፥ ዘመናቸው በላያቸው ከተመዘገበ የግዕዝ መጻሕፍት ሁሉ ከጥንታውያኑ የሚቈጠር ነው። በውስጡም የእርሳቸው ሥዕል አለ፤ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍትም በዝርዝር ተጽፈዋል። አንድ ብራና ለማውጣት በግ ወይም ፍየል ታርዶ፥ ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ፥ ቀለሙ ተበጥብጦ፥ ከዚያም ጸሐፊው ወራት ሙሉ ጐንበስ ብሎ መዋል እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው፥ በዚያ ዘመን የመጻሕፍት ዝርዝር ማለት የብዙ ሰው ድካም ዝርዝር መሆኑን ያስተውላል። መምህሩ ቃሉን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ እርሱ ባያልፍ እንኳ ቃሉ በሌላ አፍ እንዲነበብ መጽሐፉን አዘጋጀ።

ሦስተኛው ነገር መላክ ነው። ወደ ሐይቅ ከመጡት ደቀ መዛሙርት መካከል የሸዋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ ሕፃን አልነበሩም፤ ዐዋቂ ሰው ነበሩ። በሐይቅ ብዙ ዓመት ተቀምጠው፥ ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው፥ በመጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሸዋ ተመለሱ። በ1270ዎቹ ዓ.ም. በደብረ አስቦ ጥቂት ሰዎችን ይዘው የጀመሩት ኑሮ፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተብሎ የተሠየመው ታላቁ ገዳም ሆነ። ሌላው ደቀ መዝሙር አቡነ ኂሩተ አምላክ ደግሞ ወደ ጣና ሄደው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም መሠረቱ። እነሆ፥ የሐይቁ ደሴት በጣናው ደሴት ላይ ልጅ ወለደ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ስም እንኳ አንድ አደረገ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ብልኆቹን ተማሪዎች ለገዳሙ ክብር ብለው በአጠገባቸው አስቀርተዋቸው ቢሆን ኖሮ፥ ሐይቅ አንድ ያማረ ገዳም ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ከጊዜ በኋላ የደብረ ሊባኖስ ስም ከሐይቅ ስም በላይ መግነኑን የሚያይ ሰው፥ ልጅ አባቱን በለጠ ብሎ ሊያዝን አይገባውም፤ ይህ ለመምህር ውርደት ሳይሆን ዋጋው ነውና።

ስለ መንግሥት ሞገስ ደግሞ ጥቂት እንናገር። በ1262 ዓ.ም. ዐፄ ይኩኖ አምላክ በነገሡ ጊዜ ሐይቅ ታላቅ ክብርን አገኘ። ትውፊቱም ንጉሡንና አቡነ ኢየሱስ ሞዐን በቅርብ ወዳጅነት ያያይዛቸዋል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ መካከል የሚቈጠር ሆነ። ይህም ማዕርግ ለገዳሙ መሬትን፥ ንዋየ ቅድሳትንና ጥበቃን አመጣ። ነገር ግን ሞገስ ዕዳም አለበት። አበምኔቱ በቤተ መንግሥት ጉዳይ ተጠምዶ ከዋለ፥ ለተማሪው የሚተርፈው ጊዜ ያጥራል፤ የማዕርጉም ኀይል በቤተ መንግሥቱ ኀይል የተሰፈረ ይሆናል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ በመንገዱ ስለ ሐይቁና በደሴቲቱ ላይ ስላለው ገዳም ጽፏል። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ደረሰ። የኢማሙ ዘመቻ ጸሐፊ እንደሚተርከው ውኃው ጦሩን አላገደውም፤ የገዳሙ ወርቅና ብርም ተወሰደ። ብዙ ዘመን የተከማቸው ሀብት ጠላትን የሚጠራ ሆነ። ከዚያ አስቀድሞ ወደ ሸዋና ወደ ጣና የተላከው ትምህርት ግን በአንድ ስፍራ አልነበረምና በአንድ ቀን ሊዘረፍ አልቻለም።

ከሐይቅ ተማሪዎች መካከል አንዱን ለይተን ልናነሣ ይገባናል፤ እርሱም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ገድሉ እንደሚናገረው ይህ ልጅ ወደ ሐይቅ በተላከ ጊዜ ትምህርት አልገባው አለ። ዓመታት አለፉ፤ ባልንጀሮቹ ሲቀድሙት እርሱ በሥራ እየደከመ፥ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም እያለቀሰ ይኖር ነበር። በኋላ ግን ልቡናው በራለትና መጽሐፈ ሰዓታትን፥ አርጋኖንንና ሌሎችንም ደረሰ፤ መጽሐፈ ምሥጢርንም በ1416 ዓ.ም. ፈጸመ። ስለ ተአምሩ ምእመናን የሚያምኑት የታወቀ ነው፤ እኛም ስለ ጉባኤው ሥርዐት አንድ ነገር እንጨምር። ያ ልጅ ትምህርት ባልገባው ጊዜ ጉባኤው ስፍራ ባይኖረው ኖሮ፥ ልቡናው በበራለት ጊዜ በዚያ ባልተገኘም ነበር። ፈጣኑን ብቻ የሚወድ መምህር ቤቱ ቶሎ ይሞላለታል፤ ነገር ግን እንደ አባ ጊዮርጊስ ያለውን ሰው ከደጅ ይመልሰዋል።

ደግሞም ተማሪው ምን በልቶ ይማር ነበር ብለን እንጠይቅ። የአብነት ተማሪ እንደሚታወቀው ከአገሩ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ይህ ነገር ለከተማ ሰው የድኽነት ምልክት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በውስጡ ሌላ ምሥጢር አለ። ተማሪው የሚበላው የአገሩን ባላገር እንጀራ ነውና ባላገሩን ሊያውቀው፥ ሊያከብረውና በኀዘኑም በደስታውም ሊካፈለው ግድ ይሆንበታል። ባላገሩም በቁራሹ ምክንያት በጉባኤው ላይ ድርሻ አለው፤ መምህሩ ቢታመም ይጠይቀዋል፥ የተማሪው ጎጆ ቢፈርስ ያቆመዋል። ከአገሩ ሰው ምንም የማይለምን ጉባኤ በአገሩ ሰው ዘንድ እንደ እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

በወሎ ምድር ይህ የጉርብትና ነገር ከሌላው ስፍራ ይልቅ የከበደ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይኖራሉና። ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ጉባኤ አድርገው በሃይማኖት የተነሣውን ክርክር በፍርድ ቈረጡ። ከዚያም ጋር የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፤ ብዙውም በሼክ ጠልሃ መሪነት ተዋጋ፤ ሌላውም ቀን በቤተ ክርስቲያን እየታየ ሌሊት በቀድሞው ጸሎቱ ጸና። ይህን የምንጽፈው የቀደሙትን ለመውቀስ ሳይሆን ሁለቱን መንገድ ለማነጻጸር ነው። ቦሩ ሜዳና ሐይቅ በአንድ ቀን እግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። በአንደኛው ስፍራ እምነት በዐዋጅ ታዘዘ፤ በሁለተኛው በትምህርት ተዘራ። የዐዋጁ ፍሬ ቂምና ስደት ሆነ፤ የትምህርቱ ፍሬ ግን ከ700 ዓመት በኋላ እንኳ ይለቀማል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተቋቋመ ወዲህ የተማሪው መንገድ ተለወጠ። ልጁ አኩፋዳ ይዞ መምህር ፍለጋ መሄዱ ቀርቶ፥ መንግሥት ወደ መደበው ከተማ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ በዚያም እንጀራውና መኝታው ተዘጋጅቶ ይቈየዋል፤ ስለ ነፍሱ የሚጠይቀው ግን አያገኝም። ይህን ጐዶሎ አስቀድመው ያስተዋሉት ብዙ ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት ሃይማኖተ አበው የተባለው የተማሪዎች ማኅበር በአዲስ አበባ ይሠራ ነበር። በደርግ ዘመን ሃይማኖት በትምህርት ቤት በተናቀበት ጊዜ፥ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ እርሳቸውም በ1982 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1983 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለጦር ትምህርት ወደ ብላቴ በተወሰዱ ጊዜ፥ በዚያ በረሓ ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር። ከእነዚህ ጅረቶች የተገናኘው ውኃ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተብሎ ተመሠረተ፤ በየዩኒቨርሲቲው የሚደረገው የተማሪዎች ስብሰባም ግቢ ጉባኤ ተባለ።

በ1999 ዓ.ም. የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ሲቋቋም፥ የሐይቅ ጎረቤት ለሆነው አገር ይህ ጥያቄ እንደ ገና መጣ። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ወጣት ለደሴ ከተማ እንግዳ ነው፤ 4 ወይም 5 ዓመት ተቀምጦ ይሄዳል። አንዳንዱ አገልጋይ በዚህ ምክንያት «የሚሄድን ሰው ምን ብዬ ልድከምበት?» ይላል። የሐይቅ ታሪክ መልሱን ይሰጠዋል፤ የሚሄድ ስለ ሆነ ነው የሚደከምበት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም፥ አቡነ ኂሩተ አምላክም ሄደዋልና።

እንግዲህ በአዲስ ከተማ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ካህን ወይም ምእመን አዳራሽ እስኪሠራ አይጠብቅ። አስቀድሞ የሚቀመጥ አንድ መምህር ይፈለግ፤ ለእርሱም ቀለብ ይቈረጥለት። ቀጥሎ ተማሪው በእጁ ይዞ የሚያነበው መጽሐፍ ይገኝ። ትምህርት የዘገየበት ወጣት ከስብሰባው አይገፋ። የከተማው ምእመናን በየቤታቸው አንድ አንድ ተማሪ በበዓል ቀን ተቀብለው ያብሉ፤ ያን ጊዜ ጉባኤው የእነርሱም ይሆናል። ሙስሊሙ ባልንጀራ በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ወንድም መሆኑ አይዘንጋ፤ በፊቱ የሚታይ መልካም ጠባይ ከክርክር ይልቅ ይናገራልና። የባለሥልጣን ሞገስ ቢመጣ በምስጋና ይቀበሉት፤ ነገር ግን ቤቱን በእርሱ ላይ አይሥሩት። ተማሪው ትምህርቱን በጨረሰ ጊዜም ለተሾመበት አገር እንደ ተላከ ሰው ተመርቆ ይሰናበት እንጂ፥ ከመዝገብ እንደ ጠፋ ስም አይቈጠር። የአንድ ጉባኤ ብዛት የሚታወቀው በዕለተ እሑድ በአዳራሹ በተቀመጡት ሰዎች ቍጥር ብቻ አይደለም፤ ከ10 ዓመት በኋላ በየገጠሩና በየከተማው በሚገኙት ልጆቹ ነው።