ዝናብ የማይጠብቅ ኀይል
(በሬዲዮ የተነገረ)



በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅማ ስጓዝ፥ ከከተማው ጥቂት ቀደም ብላ በምትገኘው በሰርቦ ዐረፍ ብዬ ነበር። ወሩ የጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውሃ ስለ ጐደለ መብራት በፈረቃ እንዲታደል መንግሥት ያስታወቀበት ወር ነው። በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሴቶች የበቆሎ ጆንያቸውን ደርድረው መብራት እስኪመጣ ይጠባበቁ ነበር። ከአጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከአዲስ አበባ መምጣቴን በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ውሃው በእኛ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ፥ መብራቱ ከእኛ ቤት ስለ ምን ይጠፋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ሰዓት በቂ መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለእኒያ አባት የዘገየ መልስ ነው።

ጥያቄው ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ሰርቦ የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፥ 184 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የግልገል ጊቤ የመጀመሪያው ግድብ ሲሠራ፥ ውሃው ከተኛባቸው ወረዳዎች አንዷ ቀርሳ ነበረች። በሐይቁ ስፍራ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎችም ቀያቸውን ለቀው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። እንግዲህ የዚያ አገር ሰው ስለ መብራት ሲጠይቅ፥ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው መጠየቁ ነው።

መልሱ ግን ከአንድ ግድብ ይልቅ ከሰማይ ጋር የተያያዘ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገራችን የኤሌክትሪክ ኀይሏን አብዛኛውን ያገኘችው ከወንዞቿ ነው። ወንዝ ደግሞ የዝናብ ልጅ ነው። ዝናብ ሲያጥር ወንዙ ይመነምናል፥ ወንዙ ሲመነምን ወፍጮው ይቆማል። በ1995 ዓ.ም. እና በ2001 ዓ.ም. የደረሰው የመብራት እጥረትም ይህንኑ አስተምሮናል። ለቤተ ሰቡ የሚያስብ አባወራ በአንድ ማሳ ብቻ እንደማይተማመን ሁሉ፥ መንግሥትም በአንድ የኀይል ምንጭ ብቻ ሊተማመን አይገባውም።

ሁለተኛው ማሳችን ከእግራችን በታች ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ፍል ውሃ በምድር ሆድ ውስጥ ያለው ሙቀት ምልክት ነው። ከአፋር ተነሥቶ በዝዋይና በላንጋኖ በኩል እስከ አባያ በሚወርደው የስምጥ ሸለቆ፥ የጋለው አለት ለምድር ገጽ ቀረብ ይላል። የዝናብ ውሃ በምድር ስንጥቅ ሰርጎ ወደዚያ አለት ሲደርስ እጅግ ይግላል። ጥልቅ ጕድጓድ ሲቈፈርለት በእንፋሎት ኀይል ይወጣና ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያሽከረክራል። የተረፈው ውሃ እንደ ገና ወደ ምድር ይመለሳል። ይህ ኀይል በልግም ሆነ ክረምት፥ ቀንም ሆነ ሌሊት አይለይም። ጅማና ሰርቦ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ቢሆኑም፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ኀይሉን ከሩቅ ያደርስላቸዋል።

በዚህ መንገድ በመጀመሪያ መብራት የበራው በኢጣልያ አገር፥ ላርደሬሎ በተባለ ስፍራ ነው። በ1896 ዓ.ም. ልዑል ፒየሮ ጂኖሪ ኮንቲ በምድር እንፋሎት አምስት አምፑሎች አበሩ። በእኛም አገር በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ ጥናቱ የተጀመረው በ1961 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው በአሉቶ ተራራ ስምንት ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፈሩ። አንዳንዶቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ዘልቀው፥ ከ300 ዲግሪ የበለጠ ሙቀት ተገኘባቸው። ሆኖም ለሥራ የበቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ7 ሜጋዋት ጥቂት የሚበልጥ ጣቢያ የተተከለውም በ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። እሱም ብዙ ሳይቈይ በብልሽት ቆመ፥ በ1999 ዓ.ም. በከፊል ተጠግኖ ተነሣ።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በኦልካሪያ በ1948 ዓ.ም. አካባቢ የቈፈረቻቸው የመጀመሪያ ጕድጓዶች ውጤት አልሰጧትም ነበር። ነገር ግን ሥራውን ዳግመኛ ጀምራ በ1973 ዓ.ም. 15 ሜጋዋት የሚሰጥ ጣቢያ አቆመች። ከዚያ በኋላ ጣቢያ በጣቢያ ላይ እየጨመረች ዛሬ ከምድር እንፋሎት ከ800 ሜጋዋት በላይ ለማመንጨት በቅታለች። ሁለቱ አገሮች የሚካፈሉት ሸለቆ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ከከሸፈው ጕድጓድ በኋላ ሌላውን ለመቈፈር መጽናት ነው።

ለመጽናት ደግሞ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። አንድ ጕድጓድ ብዙ ገንዘብ ከጨረሰ በኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሕዝብ «ገንዘባችን ባከነ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። የተነገረው ግን፥ ገበሬ ከዘራው ዘር ሁሉም እንደማይበቅል እንደሚያውቅ፥ ቀጣዩን ጕድጓድ በትዕግሥት ይጠብቃል። በኬንያም ቢሆን ነገሩ ሁሉ ያለ እንከን አልሄደም። በ2006 ዓ.ም. ከኦልካሪያ መሬት የተዛወሩ የማሳይ ቤተ ሰቦች ቅሬታቸውን እስከ ዓለም ባንክ አድርሰው ጉዳያቸው በሽምግልና ታይቷል። የእንፋሎቱ ሽታ፥ የመሣሪያው ድምፅ፥ የግጦሹ መጥበብ በዚያ ስፍራ ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 981 ለዚህ ሥራ ሕግ አብጅቶለታል። በቱሉ ሞዬም ቁፋሮ ከተጀመረ ዓመታት ተቈጥረዋል። ሕጉን ወደ ቀበሌ የሚያወርደው፥ ካሣውን የሚቈጥረው፥ ለሕዝብ የሚያስረዳው ግን በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው የእናንተና የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ነው። የሕዝብ ድጋፍ በስብሰባ ጭብጨባ አይለካም። የምሥራቹን ብቻ ሳይሆን መዘግየቱንና ኪሳራውንም በግልጽ ስንነግረው፥ መሬቱን ለሰጠውም የሚገባውን ሳናጓድል ስንከፍለው፥ ያን ጊዜ ሥራውን የራሱ ያደርገዋል።

የሰርቦው ሽማግሌ የጠየቁኝ ብርሃን ብቻ አልነበረም። የሰጡት ነገር ወዴት እንደ ደረሰ የሚነግራቸው ሰው ነበር የፈለጉት። በአሉቶና በቱሉ ሞዬ መሬት ላይ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ይህን መልስ ጥያቄው ሳይነሣ፥ ከቁፋሮው አስቀድመን እናድርስላቸው።