የዘር ጥያቄ በዘነበወርቅ

በአማራው ባህል ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌዎች አጥንት ይቆጥሩ ነበር፤ ይኸውም አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት፣ ምንዥላት እያሉ እስከ ሰባት ቤት በመውጣት ጥንዶቹ ሥጋ ዘመድ አለመሆናቸውን ያጣሩ ነበር። የዛሬው የዘረመል ሳይንስ ይህን ጥንቃቄ ይደግፋል፤ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች በአማካይ ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን ስለሚጋሩ፣ ሁለቱም የአንድ በሽታ ተሸካሚ፣ ማለትም ራሳቸው ሳይታመሙ ጉድለቱን የያዙ፣ የመሆን ዕድላቸው ከባዕዳን ይልቅ ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ደግሞ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚያነሡት ሌላው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው በድሏል። ሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ልጁና የልጅ ልጁም ለጋብቻ የማይፈለጉ ሆኑ። በዛሬው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዙሪያ የተፈጠረው መንደር ከዚህ መገለል ጋር የተያያዘ ነው፤ ለሕክምና ከገጠር የመጡ ብዙዎች ወደ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ተጋብተውና ወልደው ቀሩ። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሃንሰን ግን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነበር፤ ግኝቱም ደዌው በዘር ይወርዳል የሚለውን፣ አማቱ ዳንየልሰን ሳይቀር ያራመዱትን አስተሳሰብ ያፈረሰ ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በሃንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ኢንስቲትዩት በዚሁ ሰፈር ተቋቋሙ።

ሕጉ የተከተለው ዘግይቶ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛን በሥጋ ደዌ መያዝ ሳያውቁ መጋባትን ለጋብቻ መፍረስ ምክንያት አድርጎ በስም ጠቅሶት ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የደዌውን ስም አውጥቶ የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ በሚል ተካው። በዚህም የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ።

የዘር ጥያቄ ዛሬ ከጋብቻ አልፎ ወደ ፅንስም ደርሷል። በ2011 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቶ፣ ፅንስን ከማህፀን ውጭ የማስጀመር ሕክምና በመንግሥት ተቋም መሰጠት ጀመረ። በዓለም ላይ ይህ ሕክምና ከዘረመል ምርመራ ጋር ሲጣመር፣ ከአምስት ቀን ገደማ ፅንስ ጥቂት ሕዋሳት ተወስደው፣ በቤተሰቡ የታወቀው ጉድለት መኖር አለመኖሩ ፅንሱ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ይታያል። የትኛው ጉድለት እንደሚፈለግ ለማወቅ ግን የዘረመል አማካሪው በቅድሚያ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ይነድፋል፤ ማን በምን እንደታመመ፣ ማን በልጅነቱ እንደሞተ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ይመዘግባል። አጥንት መቁጠር የሚችሉ አረጋውያን በየቤቱ ሳሉ፣ ቤተሰቦች ይህን ዕውቀት አሁኑኑ በጽሑፍ ሊያሰፍሩት ይገባል።