የሐረር የድንጋይ ቤቶችና ጣሪያቸው

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብትመለከቱ በየቤቱ ላይ የምታዩት ቆርቆሮ ነው። በክረምት፣ በጁሙዓ ኹጥባ መካከል ዝናብ ሲወርድ የኢማሙን ድምፅ እንዴት እንደሚውጠው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ለአገራችን የቅርብ ዘመን እንግዳ ነው። ከእርሱ በፊት ለብዙ ትውልድ በአፈር ጣሪያ ሥር ስለኖረች ከተማ፣ ዛሬም በዚሁ ጣሪያ ሳቢያ ስለተቸገሩት የድንጋይ ቤቶቿ ጥቂት ልንገራችሁ።

ይህች ከተማ ሐረር ናት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኙት ነባር ቤቶች ግድግዳቸው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ጣሪያቸውም ጠፍጣፋ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ከተማይቱ ሲገባ ያየው ይህንኑ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አግዳሚ የጥድ እንጨቶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይጋደማሉ፤ የክፍሉ ስፋት የሚወሰነውም በእንጨቱ ርዝመት ነው። በእነርሱ ላይ ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል፤ ከዚያም አፈር ተደልድሎ በደንብ ይጠቀጠቃል። ውሃ እንዳይቋጥር ጥቂት ዘንበል ይልና ወደ አሸንዳው እንዲወርድ ይደረጋል።

እንዲህ ያለው ጣሪያ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ብርድን ይከላከላል፤ ዝናቡም አይጮህበትም። ነገር ግን ችላ ከተባለ አንድ ክረምት ይበቃዋል። በየዓመቱ የበቀለበት ሣር መነቀል፣ ስንጥቁ መደፈን፣ አፈሩም እንደገና መጠቅጠቅ አለበት። በየጊዜው አዲስ አፈር ብቻ ሲጨመርበት ደግሞ ክብደቱ እየበዛ እንጨቱን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ደህና ጠጋኝ ከመጨመሩ በፊት አሮጌውን ያወርዳል።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የፋብሪካ ዕቃ ወደ አካባቢው ማምጣት ቀለለ። የሕንድ ነጋዴዎችም የእንጨት በረንዳ ያላቸው ባለ ፎቅ ቤቶችን ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ በነባሮቹ ቤቶች ላይም እየወጣ ሄደ። በዚህ ባለቤቶቹን የሚወቅስ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልወቅስም። ረጅምና ቀጥ ያለ ጥድ እንደ ልብ አይገኝም፤ ጣሪያ ሲጠቀጥቅ የሚውል ሰውም የዕለት እንጀራውን ያጣል።

ጥፋቱ ከሥር ያለውን መርሳት ነው። አሮጌው አፈር ሳይወርድ ቆርቆሮ ሲከደንበት ሁለት ጭነት በአንድ እንጨት ላይ ያርፋል። ቆርቆሮው ቢያፈስ ውሃውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው እንጨቱ ከበሰበሰ ወይም ምስጥ ከበላው በኋላ ነው። በአፈሩ ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ ከዚህ ይብሳል፤ ክብደት ይጨምራል፣ ሲሰነጠቅም የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ደግሞም ዳገታማ የቆርቆሮ ክዳን ውሃውን በግድግዳው ሥር ወይም በጎረቤት ላይ ያፈሰዋል። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፊቅሕ ሊቃውንት በሱልሕ፣ ማለትም በእርቅ ምዕራፍ፣ ስለ አሸንዳ መጻፋቸው በከንቱ አይደለም!

በሌላ አገርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በብሪታንያ፣ በተለይም በዌልስ፣ አሮጌ የድንጋይ ጎጆዎች የሚከደኑት ስሌት በሚባል እንደ ሰሌዳ በተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ ሲችል ቀድሞ የሚዝገው ምስማሩ ነው። አዋቂ ሠራተኛ ጣሪያውን ሁሉ አይጥልም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ አውርዶ ይመረምራል፣ ደህናውን ለይቶ በአዲስ ምስማር ይመልሰዋል።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ በመዝገቡም 82 መስጂዶች እንዳሏት ሰፍሯል። ከእንግዲህ ነባር ቤት የሚጠግን ሁሉ ቆርቆሮ ከመግዛቱ በፊት የጣሪያውን አንድ ማዕዘን ይክፈት፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የእንጨት ጫፍም በቢላዋ ይውጋው። መጀመሪያ የሚበሰብሰው እርሱ ነውና። ቢላዋው ካልገባ ያ ጥድ ገና ይሠራል፤ የሚያስፈልገው አፈሩን ማቅለልና አሸንዳውን ማስተካከል ብቻ ሊሆን ይችላል።