የአሰብ መንገድና የአንገታችን ነገር

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል ስለ እንቅርቱ የሚያስብ የለም። ችግር በችግር ላይ ተደረበ ለማለት ብቻ ነው። ተረቱ ግን የተወለደው እንቅርት ብርቅ ባልሆነበት አገር ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ እብጠትና በናዝሬት በኩል ስለሚያልፈው የአሰብ መንገድ ነው። (አዳማ በል ካላችሁኝም አዳማ። የጨው መኪናው ለስሙ ግድ አልነበረውም።)

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ ታይሮይድ የምትባል የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ አለች። የምትሠራው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በማኅፀን ያለ ልጅ የአእምሮ ዕድገትን ይመራል። ለዚህም አዮዲን ትፈልጋለች፤ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም። የዕድሜ ልክ ድርሻችን ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም! ያቺ ከጠፋች ሆርሞኑ ያንሳል፤ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «ሥሪ እንጂ!» እያለች ትወተውታለች፤ ታይሮይድም ያለ ጥሬ ዕቃ ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት ይኸው ነው።

የደጋው አፈር አዮዲኑን ዝናብ አጥቦ ወስዶበታል። ስለዚህ ብልሃቱ ጨው ላይ መጨመር ነው፤ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 ጀመረችው። እኛ ያኔ ከአፋር በግመል የሚመጣ አሞሌ ላይ ነበርን። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች 30.6 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ።

አዮዲን የገባበት ጨው ታዲያ በብዛት ይመጣ የነበረው ከአሰብና ከምጽዋ ነው። የአሰብ ከባድ መኪና በአዋሽ ወጥቶ ናዝሬት ይገባል፤ ከተማዋም የሹፌር ከተማ የተባለችው በከንቱ አይደለም። ግንቦት 1990 ዓ.ም ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። መኪናው ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ ጨው ግን ከአፍዴራ መምጣት ያዘ፤ የተትረፈረፈ፣ ንጹሕ የሚመስል፣ አዮዲን የሌለው ጨው። ሰው ጨው አላጣም፤ ስለዚህ የጎደለበት ነገር መኖሩን አላወቀም።

እ.ኤ.አ. በ2005 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ20 በመቶ ቤተሰቦች ብቻ ነበር፤ በ2011 ደግሞ በ15 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከአሥር ሕፃናት አራቱ ያህል እንቅርት እንዳለባቸው ዘገበ። ሁሉን በጦርነቱ ማላከክ አይቻልም፤ በሽታው ከጦርነቱ በፊትም ነበር። ግን እፎይታው ገና ሳይጠና ተቋረጠ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። የአንገት እብጠት በሕክምና ሊቀንስ ይችላል፤ በእናቱ ሆድ ሳለ አዮዲን ያጣ ልጅ አእምሮ ግን የቀረበትን አይመልስም። እነዚያን ልጆች በጦርነቱ ጉዳተኞች መዝገብ የጻፈ የለም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ያለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2016 ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ፤ መኖሩ እንጂ መብቃቱ ሌላ ጉዳይ ሆኖ። ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ይበሉታልና ጨዋችሁን ከድኑት፤ ወጡ ውስጥም ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨምሩት።