ቀለበቱ የማን ነው?

ስፖርት መኪና ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ቶሎ የሚመጣው ፖስተር ነው። ቀይ ፌራሪ፣ ቦኔቷ ላይ የተደገፈች ሞዴል፣ ከኋላ ሰማያዊ ባሕር። ወይ ደግሞ የፊልሙ ጀግና ነው፤ ገበያ መሐል እየከነፈ የብርቱካን ጋሪ የሚደረምሰው። ለባለ ጋሪው ብርቱካኑን ማን እንደከፈለው ግን አንድም ፊልም ነግሮን አያውቅም!

ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። እስከ ዓርብ ማታ ቢሮ የሚውል፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል፣ ቅዳሜ በማለዳ ግን መኪናውን ይዞ ወደ መወዳደሪያ ሜዳ የሚሄድ ሰው። ፈረንጆቹ «ትራክ ዴይ» ይሉታል። ዋንጫ የለም፣ ሽልማት የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሰውየው ይከፍላል፣ ሄልሜት ያጠልቃል፣ ስለ ደንቡ ገለጻ ይሰማል፣ ከዚያ ወጥቶ ያለችውን መኪና አቅም ይሞክራል። እሑድ ማታ ጎማው አልቆ፣ ኪሱ ሳስቶ፣ ፊቱ ግን በርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እና እኛም እንዲህ ስንል ጠየቅን፤ ለተራ ሰው የመፍጠን ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? የመቶ ዓመት ታሪክ ያለው ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ እንዳንጣላ ከወዲሁ ይታወቅልን።)

ትክክለኛው ሰው፣ ያለ ግርግር

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዝ ውስጥ በሕግ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። መኪና የሚሠራ ፋብሪካ መኪናው የት ድረስ እንደሚሮጥ የሚፈትሽበት ቦታ አልነበረውም። ሂዩ ሎክ ኪንግ የተባለ ባለ ርስት ታዲያ ሱሬ ውስጥ ባለው የራሱ መሬት ላይ፣ በራሱ ገንዘብ፣ 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የኮንክሪት ቀለበት አሠራ። ብሩክላንድስ ይባላል። ሰኔ 1907 ላይ ተከፈተ። በዓለም ላይ ለመኪና ውድድር ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ትራክ ይኸው ነው።

ገና በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሰልዊን ኤጅ የተባለ ሰው በናፒየር መኪና 24 ሰዓት ሙሉ ብቻውን ሲነዳ አደረ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ያለው መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ከሕጉ ሦስት እጥፍ ያለፈ ወንጀለኛ ነበር፤ አጥሩ ውስጥ ሆነና ጀግና ተባለ። ልዩነቱ አጥሩ ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚያ አጥር ላይ ነው ብንል አላጋነንም።

ግን ማን ይግባ? ብሩክላንድስ ራሱን የሚያስተዋውቀው «ትክክለኛው ሰው፣ ያለ ግርግር» በሚል መፈክር ነበር። ትክክለኛው ሰው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ገንዘብም ስምም ያለው፣ በተለይ ደግሞ ወንድ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ነጂ ዶሮቲ ሌቪት በ1907 ለመወዳደር ብትጠይቅ አይሆንም ተባለች። በ1908 ለሴቶች ብቻ አንድ ውድድር ተዘጋጀ፤ ስሙ «የሴቶች አምባር» ነበር፤ ሚውሪየል ቶምሰን አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል እንዲወዳደሩ ሳይፈቀድላቸው ብዙ ዓመታት አለፉ።

ለነገሩ በ1935 መልሱን ራሳቸው ሰጡ። ኬይ ፔትሬ ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ሴት ነበረች። 10.5 ሊትር ሞተር ያላትን ግዙፍ ደላዥ ፔዳሎቹ ላይ እንጨት አስገጥማ ነዳች፤ እግሯ አይደርስማ! በሰዓት 216 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠች። በዚያው በጋ ግዌንዳ ሆክስ በጥቂቱ በለጠቻት። ብሩክላንድስ በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ ተዘጋ፤ ግቢው ሙሉ በሙሉ ለአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሆነ፤ ውድድርም ዳግም አልተካሄደበትም።

የሥራ አጦች መንገድ

አሁን ወደ ጀርመን እንሻገር። አይፍል የሚባል ተራራማ አገር አለ፤ ደን፣ ጭጋግ፣ ድህነት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የባሰ ደኸየ። የአዴናው ወረዳ አስተዳዳሪ የነበረው ኦቶ ክሮይትስ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ሥራ አጡን እናሰማራውና በኑርቡርግ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ዙሪያ የመኪና መወዳደሪያ መንገድ እንሥራ። በ1925 ቁፋሮው ተጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአካፋና በዶማ ተራራውን ጠረቡት።

ኮብልስቶን ትዝ አላችሁ? እኛንም ትዝ ብሎናል። በ2000ዎቹ በየከተማችን ወጣቱን ድንጋይ ጠራቢ ያደረገው ሥራ ራሱ በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ የመጣ ነው። ሥራ አጥ በበዛበት ዘመን መንገድ መሥራት ለጀርመኖቹ የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው።

ሰኔ 1927 ላይ ኑርቡርግሪንግ ተመረቀ። «ሪንግ» ቀለበት ማለት ነው። ያኔ ሁለቱ ቀለበቶች፣ ሰሜኑና ደቡቡ፣ አንድ ላይ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝሙ ነበር። የመጀመሪያውን የመኪና ውድድር ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ አሸነፈ። ከሽልማቱ ይልቅ እኛን የሳበን ግን አንድ ውሳኔ ነው። ውድድር በሌለበት ጊዜ መንገዱ ለሕዝብ ይከፈታል ተባለ! በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት መንገድ ሆነ። ክፈል፣ ግባ፣ ንዳ። «ትክክለኛ ሰው» መሆን አያስፈልግም፤ የሚንቀሳቀስ ነገርና የመግቢያው ገንዘብ ይበቃል።

የዋህ ታሪክ ነው ግን አንልም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ለመርሴዲስና ለአውቶ ዩኒየን የመንግሥት ገንዘብ እየሰጡ ቀለበቱን የኃይላቸው ማሳያ አደረጉት። ሐምሌ 1935 ላይ ጣሊያናዊው ታዚዮ ኑቮላሪ በአሮጌ አልፋ ሮሜዮ እዚያው ቤታቸው ድረስ ሄዶ አሸነፋቸው። የውድድር ጸሐፊዎች ይህን ድል እስከ ዛሬ በፍቅር ይተርኩታል። እኛ ስናነበው ግን ዓይናችን የሚያርፈው ዓመቱ ላይ ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሌላ ጣሊያናዊ መረብን ተሻገረ። ፍጥነትና ጉልበት አንዳንዴ አንድ ባንዲራ ይለብሳሉ።

አረንጓዴው ሲኦል

የሰሜኑ ቀለበት ዛሬ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፤ ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ይወጣል። አንደኛው ጫፍ ላይ ፀሐይ ሆኖ ሌላው ጫፍ ላይ ዝናብ ሊሆን ይችላል። በ1968 ጃኪ ስቴዋርት በጭጋግና በዶፍ ዝናብ መሐል ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ አሸነፈ፤ ያሸነፈበትን ቦታ ግን አልወደደውም። «አረንጓዴው ሲኦል» የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው።

በ1970 ነጂዎቹ አንሮጥም ብለው አደሙ፤ የጀርመን ግራንድ ፕሪ ወደ ሆክንሃይም ሄደ። መንገዱ ተስተካክሎ ተመለሱ። ነሐሴ 1 ቀን 1976 ግን የኒኪ ላውዳ ፌራሪ ተጋጭታ በእሳት ተያያዘች። ከእሳቱ ያወጡት ተወዳዳሪዎቹ እንጂ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አልነበሩም። እንዲህ የረዘመ መንገድ ላይ በየቦታው እርዳታ ማቆም አይቻልማ። ላውዳ በተአምር ተርፎ በስድስት ሳምንቱ ሞንዛ ላይ አራተኛ ወጣ፤ ፎርሙላ ዋን ግን ወደ ሰሜኑ ቀለበት ዳግም አልተመለሰም። በ1984 አጠገቡ አጭርና ደህንነቱ የተጠበቀ አዲስ ትራክ ተሠራ።

እንግዲህ ልብ በሉ! የዓለም ምርጥ ነጂዎች «ለኛ በጣም አደገኛ ነው» ብለው ጥለውት ወጡ። ለማን ቀረ? ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለመካኒኩ። የታሪኩ ትልቁ ምጸት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ቀለበቱ ላይ

ለሕዝብ ክፍት በሆነባቸው ቀናት ሰሜኑ ቀለበት በሕግ ፊት መንገድ ነው። የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል። መወዳደር ክልክል ነው፤ ሰዓት መያዝም ክልክል ነው። መቅደም በግራ ብቻ። ከኋላው ፈጣን መኪና የደረሰበት ሰው የቀኝ ፍሬቻ አሳይቶ ያሳልፈዋል። የብረት መከላከያውን የገጨ የመከላከያውን ዋጋ ይከፍላል፤ የመጎተቻውንም እንዲሁ። ብዙ ኢንሹራንሶች ደግሞ እዚያ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም ይላሉ። የፊልሙ ጀግና ያልከፈለው የብርቱካን ሒሳብ እዚህ ደረሰኝ አለው ማለት ነው።

ትራክ ዴይ ከዚህ ይለያል። ሜዳው ይዘጋል፣ ሰዉ እንደ ችሎታው በቡድን ይከፈላል፣ አዲስ ሰው አጠገቡ አስተማሪ ይቀመጥለታል። ብዙ ቦታ ካልተፈቀደልህ መቅደም አትችልም።

እዚያ ቶሎ የምትማረው ስለ ፍሬን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 200 የሚሮጥ መኪና በ100 ከሚሮጠው አራት እጥፍ ጉልበት አለው ማለት ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስቦ ስለሚቆይ ሲግል ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፤ ያኔ ፔዳሉን ስትረግጠው ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ፍሬኑ ይቀዝቅዝለት ብሎ። ሲያቆምም የእጅ ፍሬን አይስብም፣ ማርሽ ውስጥ ትቶት ይወርዳል። ፖስተሩ ላይ ይኼ ሁሉ አልተጻፈም!

የመንደሯ ልጅ

ስለ ቀለበቱ ተወርቶ ሳቢነ ሽሚትስን መዝለል ነውር ነው። ያደገችው እዚያው ኑርቡርግ መንደር ውስጥ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ባላቸው ቤተሰቦቿ ዘንድ ነው። በ1996 የኑርቡርግሪንግን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፈው ቡድን አንዷ ሆነች፤ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1997 ደገመችው። እንጀራዋ ግን የሳምንት መጨረሻ እንግዶች ነበሩ። «የሪንግ ታክሲ» በተባለችው ቢ ኤም ደብሊው እየጫነች ስታዞራቸው ዓመታት ኖረች። በ2005 በእንግሊዙ «ቶፕ ጊር» ዝግጅት ላይ የዕቃ መጫኛ ፎርድ ትራንዚት ይዛ ቀለበቱን በ10 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ዞረችው። አዎ፣ የዕቃ መጫኛ! በ2021 በካንሰር ስታርፍ 51 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት የሰሜኑ ቀለበት የመጀመሪያ ኩርባ በስሟ ተሰየመ።

እስኪ አስቡት። በ1907 ዶሮቲ ሌቪትን በር ላይ የመለሰ ስፖርት ከ114 ዓመት በኋላ ኩርባውን በሴት ስም ጠራ። በሩን የከፈተው ደግሞ የባለሥልጣን ቸርነት ብቻ አይደለም። ለማንም ክፍት የነበረው መንገድ የአንዲት የሆቴል ቤት ልጅ መማሪያ መሆኑ ነው።

ማነው ባለቤቱ?

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። በ2000ዎቹ መጨረሻ የግዛቱ መንግሥት ቀለበቱን ትልቅ የመዝናኛ ማዕከል ላድርገው ብሎ ተነሳ። ሆቴሎች፣ የገበያ አዳራሽ፣ እንዲያውም ሮለር ኮስተር ተሠራ። ሮለር ኮስተሩ ብልሽት ሲያጓትተው ቆይቶ በ2013 ለጥቂት ቀናት ብቻ ሠርቶ ቆመ። የሕዝብ ገንዘብ ባከነ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ በ2009 ሥልጣን ለቀቀ፣ ድርጅቱ በ2012 ከሰረ፣ በ2014 ለግል ባለሀብት ተሸጠ። የአካባቢው ሰውና ወዳጆቹ ያኔ የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ በሩ ይዘጋብናል ብለው። እስካሁን አልተዘጋም። ቲኬቱ እየተወደደ ቢሄድም፣ ጎረቤቶች በድምፁ ቢማረሩም፣ በየጊዜው የሰው ሕይወት ቢጠፋበትም።

እኛስ ምን እንላለን? ፍጥነት የወጣት ኃጢአት ብቻ አይመስለንም፤ የሰው ልጅ ሞተር ከሠራ ጀምሮ የተጠናወተው ምኞት ነው። ምኞቱን በስብከት ያጠፋ አገር አላየንም። ያየነው ሁለት ምርጫ ነው፤ ወይ አጥር፣ ደንብና ደረሰኝ ያለው ቦታ ይሰጠዋል፣ ወይ እኩለ ሌሊት ላይ እግረኛ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባም ቀለበት መንገድ አላት፤ በሌሊት የሚሆነውን አጠገቡ የሚኖር ይመስክር። አጥር ውስጥ የሚፈጥን ሰው የሚያስይዘው የራሱን መኪናና የራሱን ነፍስ ነው፤ አብረውት ያሉትም አውቀው የገቡ ናቸው። ከአጥሩ ውጪ የሚፈጥነው ያልጠየቀውን ሰው ነፍስ ነው የሚያስይዘው።

የአይፍል ሥራ አጦች በ1925 ድንጋይ ሲፈልጡ ይህን ሁሉ አላሰቡም፤ ያሰቡት ስለ ዳቦ ነው። ግን የሠሩትን መንገድ መቶ ዓመት ሙሉ ሻምፒዮኑም ናዚውም ሚኒስትሩም ባለሀብቱም ተፈራርቀውበት ሲያበቁ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ የሚሰለፈው አሁንም ያ ደመወዝተኛ ነው።

ቸር እንሰንብት።